«እኔን አይነካኝም» ባዮች

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሲኒ የቀረበለት እንግዳ «ይቅርብኝ፤ አሁን ከጠጣሁ ዓይኔ ፈጦ ነው የሚያድረው» ቢል ቤቱ በሳቅ ይሞላል። «ደግሞ ቡና እንቅልፍ ይነሳል? እኔ ጠጥቼ ነው ጭልጥ የምለው» ይለዋል አንዱ። «እኔማ ካልጠጣሁ ነው የማልተኛው» ትላለች ሌላዋ። ከወዲያ ጥግ «ተወው፣ የፈረንጅ ወሬ ነው» የሚል ድምፅ ይመጣና ክርክሩ እዚያው ያልቃል። እንግዳው አቦሉን ይጠጣል፤ ቶናውን ይጠጣል፤ በረካውን ሳይቀበሉ መነሳትማ ነውር ነው።

ይህ ንግግር በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየምም፣ በደሴም፣ በጅማም፣ በዋሽንግተን አካባቢ ባለ የሐበሻ ቤትም ቃሉ ሳይለወጥ ይሰማል። የሚገርመው ይኸው ቤት በሌላ ቀን የሚያወራው ነው። «ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል»፤ «ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ድካሜ አይለቀኝም»፤ «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ባንኜ በዚያው ነጋ»። ቀጥሎ የመፍትሔ ፍለጋ ይመጣል፦ ወተት በማር፣ ሙዝ፣ ተልባ፣ አብሽ። እንቅልፍ የሚያመጣ ምግብ ሁሉም ይጠያየቃል፤ እንቅልፍ የሚነሳውን መጠጥ ፊቱ ረከቦት ላይ ደርድሮ!

አቋሜን ሳላድበሰብስ ልናገር። የማታ ቡና እንቅልፍ ይነሳል። «እኔን አይነካኝም» የሚለውንም ሰው በአብዛኛው ይነካዋል፤ እሱ ነው የማያውቀው።

ባላጋራዎቼን ማቃለል ግን አልፈልግም። ክርክራቸው ከሩቅ እንደሚመስለው ደካማ አይደለም። የመጀመሪያው ማስረጃቸው ገዛ ሰውነታቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ማታ ማታ ጠጥተዋል፣ ጋደም ባሉ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተኝተዋል። የገዛ ሌሊቴን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማነው ይላሉ። ከዚያ አባቶችና እናቶች ይጠራሉ፤ ቡናን ለዓለም የሰጠ ሕዝብ ስለ ቡና ከላቦራቶሪ ሊማር ነው? ሲኒዋንም ያነሳሉ፦ ይህችን የምታክል ጉንጭ፣ ያውም ሦስተኛው ውኃ ውኃ የሚል በረካ፣ የፈረንጅ ባልዲ ከሚያክል ኩባያ ጋር ምን ያወዳድራታል? በመጨረሻም ከሁሉ የሚከብደውን ያመጣሉ። ቡና መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት የሚታረቅበት፣ ለቅሶ የሚረሳበት፣ ባልና ሚስት ከሥራ ገብተው ፊት ለፊት የሚተያዩበት ሰዓት ነው። ለጥቂት ደቂቃ እንቅልፍ ብሎ ይህን የሚያፈርስ ሰው፣ ብቻውን ቀርቶ በሐሳብ ሲገላበጥ ያድራል።

ይህ ሁሉ ሊናቅ አይገባውም። ትክክል ግን አይደለም።

«ጠጥቼ እተኛለሁ» የሚለው ምስክርነት አንድ ከባድ ጉድለት አለበት፦ ምስክሩ ተኝቶ ነበር። ሰው እንቅልፍ የወሰደውን ሰዓት በግምት ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ምን ያውቃል? ጥልቁ እንቅልፍ ምን ያህል እንደቆየለት፣ ስንት ጊዜ ለአፍታ ነቅቶ መልሶ እንደተኛ ጠዋት አያስታውስም። ቶሎ መተኛትና በደንብ መተኛት ለየቅል ናቸው። ራስ ትራስ ሲነካ ድብን ማለት ራሱ፣ እንደምንኮራበት ሁልጊዜ የጤና ምልክት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ የተራበ ሰው ምልክት ነው። የተራበ ሰው የቀረበለትን ሁሉ በጥድፊያ ይበላል፤ ከዚህ ተነስቶ «ሆዱ ጤነኛ ነው» የሚል አለ?

ነገሩ በአንጎል ውስጥ የሚሠራው እንዲህ ነው። ነቅተን በቆየን መጠን አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎላችን ይጠራቀማል። ማታ ዓይናችንን የሚያከብደው፣ ሰውነታችንን የሚያዝለው እሱ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ደግሞ በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል አዴኖሲን የሚያርፍባቸውን ቦታዎች ቀድሞ ይይዛል። ድካሙ አልጠፋም፤ መልእክቱ ብቻ ታገደ። ካፌይን ከደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 100 ሚሊግራም የጠጣ ሰው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ 50ው፣ ጎሕ ሲቀድ 25ቱ ገና በደሙ ውስጥ ይዞራል። ሰውዬው ተኝቷል፤ ካፌይኑ አልተኛም።

ይህ ግምት አይደለም፤ ተፈትኗል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጤነኛና ደህና የሚተኙ ሰዎችን 400 ሚሊግራም ካፌይን አንዴ በመኝታቸው ሰዓት፣ አንዴ ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት፣ አንዴ ደግሞ 6 ሰዓት በፊት አስወሰዳቸው። ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደው እንኳ እንቅልፋቸውን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆርጦታል። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ጉዳቱን የያዘው እንቅልፋቸውን የሚለካው መሣሪያ ነው፤ የስድስቱ ሰዓት ጉዳይ በሰዎቹ በራሳቸው የእንቅልፍ ማስታወሻ ላይ በግልጽ አልታየም። ከቀኑ 11 ሰዓት ቡና በኋላ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የሚተኛ ሰው ከእንቅልፉ አንድ ሰዓት ተወስዶበት ጠዋት «ኧረ እኔን አይነካኝም» ይላል ማለት ነው። 400 ሚሊግራም ብዙ ነው የሚል ካለ፣ ዙሪክ ላይ በ1995 እ.ኤ.አ. የተደረገውን ይመልከት፤ የዚህ ግማሽ፣ 200 ሚሊግራም፣ ያውም ጠዋት ከ1 ሰዓት በኋላ የተወሰደ፣ የዚያኑ ዕለት ሌሊት እንቅልፍ ላይ አሻራው ተለክቷል። የጠዋቱ እንዲህ ከሆነ የማታው እንዴት ይሆን?

«ካልጠጣሁ አልተኛም» የምትለዋስ? እሷ አትዋሽም። ስሜቷ እውነት ነው፤ ትርጓሜዋ ነው የተሳሳተው። ቡና የለመደ ሰው ሲቀርበት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ሐራራው ይነሳል፦ ራስ ይመታል፣ ጠባይ ይከፋል፣ ሐሳብ አይሰበሰብም። ማታ ስትጠጣ የምታገኘው እፎይታ ቡናው የሰጣት እንቅልፍ አይደለም፤ ቡናው ራሱ ያመጣው ሕመም ሲለቃት ነው። የራስ ምታቱ ስለተወገደ ትተኛለች። ለዚህ ግን ቡናውን ልናመሰግነው ነው?

እዚህ ላይ ለተቃራኒው ወገን አንድ ነገር እሰጣለሁ። ሰው ሁሉ እኩል አይደለም። ጉበት ካፌይንን የሚሰባብርበት ፍጥነት በዘር ይለያያል፤ በአንዳንዱ ሰው ግማሹ በ2 ሰዓት ውስጥ ይወገዳል፣ በሌላው እስከ 10 ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ በእርግጥም ብዙ የማይነካው ሰው አለ። ነገር ግን ይህ እውነት ለማን ነው የሚመሰክረው? ጀበናው የሚቀዳው ለአንድ ሰው አይደለም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካፌይንን ከሌላው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ያስወግዳል፤ የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ደግሞ በእጥፍ ገደማ ዘግይታ። እና በዚያ ሳሎን ውስጥ «አይነካኝም» እያለ የሚያስቀው ብዙ ጊዜ የትኛው ነው? የማይነካው ሰው በራሱ ልክ ለሌላው ይቀዳል፤ የሚነካው ሰው አፍሮ ይጠጣል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የእርጉዝና የአራስ ቤት ነገር ነው። እርግዝና ሲገፋ የእናትየው ሰውነት ካፌይንን ማስወገዱ በጣም ይዘገያል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ግማሹን ለማውጣት 15 ሰዓት ሊፈጅባት ይችላል። የማታ ሲኒዋ እስከ ነገ ከሰዓት አብሯት ይውላል። ድሮውኑ በሆዷ ክብደት ጎኗን ማሳረፍ አቅቷት የምትገላበጥ ሴት ናት፤ እኛ ግን «አንድ ሲኒ ምን ታደርጋለች» እንላታለን። ስትወልድ ደግሞ ቤቱ ሳምንታት ሙሉ የቡና ቤት ይሆናል። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይቆላል፣ ከጠያቂው ጋር እሷም ትጠጣለች፣ ገንፎውም ቡናውም እስከ ምሽት ይቀጥላል። ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ካፌይን ጥቂት ነው፤ ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ጨቅላው ግን ጉበቱ ገና ነው፤ ለእሱ ግማሹን ማስወገድ 80 ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ከሦስት ቀን በላይ ማለት ነው። ጥቂት በጥቂት ላይ ሲደመር አስቡት። ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ ካደረ ዓይነ ጥላ ነው፣ የሰው ዓይን ነው፣ ቁርጠት ነው ይባላል። ቀን ስንት ጊዜ ቡና እንደተፈላ የሚቆጥር የለም።

ወደ አባቶች ልምጣ፤ እዚህ ላይ ክርክሩ ባለቤቶቹ ላይ ይዞራል። ቡናን አገኘን ብለን የምንኮራበት ታሪክ ምን ይላል? የእረኛው የካልዲ ፍየሎች ፍሬውን በልተው ዘለሉ፤ መነኮሳቱም ቀምሰው ለሌሊቱ ጸሎት ነቅተው አደሩ። ፋውስቱስ ናይሮን የተባለ ማሮናዊ ምሁር በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ተመሳሳዩን ታሪክ ሲያሳትምም ፍሬ ነገሩ ያው ነው፦ መንጋው ሌሊቱን ሲዘል አደረ። ታሪኩ ተረት ቢሆን እንኳ፣ ተረቱን የተረኩት ሰዎች ስለ ቡና ያወቁት የመጀመሪያ ነገር እንቅልፍ ማባረሩን ነው። በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ ካልዲንና ፍየሎቹን እየሳልን፣ ማታ ላይ «ቡና እንቅልፍ አይነሳም» እንላለን!

«ከጥንት ጀምሮ ማታ ማታ እንጠጣ ነበር» የሚለውም ለብዙው የደጋ ክርስቲያን እውነት አይደለም። ቡና በካፋና በጅማ፣ በሐረርም ሙስሊሞች ዘንድ የቆየ ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ ግን ቀሳውስቱ የሙስሊም መጠጥ ነው ብለው ረጅም ዘመን ሲከለክሉት ኖረዋል። ይህ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ሲጠጡና አቡነ ማቴዎስም ጥላቻውን ለማስቀረት ሲጥሩ ነው። እንግዲህ ብዙዎቻችን «የአባቶቻችን» የምንለው ልማድ የአያቶቻችን ወላጆች ያዩት አዲስ ነገር ነው። አያቶቻችንም ቢሆኑ በፀሐይ ሲያርሱ ውለው፣ ኩራዝ አጥፍተው በጊዜ የሚተኙ፣ ዶሮ ሲጮኽ የሚነሱ ነበሩ። እኛ ቀኑን ቢሮ ወንበር ላይ ውለን፣ በታክሲ ሰልፍ ቆመን፣ 3 ሰዓት ላይ ራት በልተን፣ እስከ 6 ሰዓት ስልክ ላይ አፍጥጠን እናመሻለን። ቡናቸውን ወሰድን፤ ውሏቸውን ግን አልወሰድንም።

ሲኒዋ ትንሽ ናት? እስቲ እናስላ። የአራቢካ ቡና ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማው ካፌይን ነው። ለአራት ሰው 40 ግራም ቢወቀጥ 480 ሚሊግራም በጀበናው ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ 120። አተላው ውስጥ የሚቀረውን ቀንሰን 100 እንበል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ በመኝታ ሰዓት አቅራቢያ የተወሰደ ይኸው 100 ሚሊግራም የአንዳንድ ሰዎችን እንቅልፍ ሊያውክ እንደሚችል ገልጿል። ጠቆር አድርጎ መቁላት ካፌይኑን አያቃጥለውም፤ ወተት፣ ቅቤ ወይም ጤና አዳም መጨመርም አያወጣውም። በረካው ደካማ ነው፤ ልክ ነው። ግን በረካ ላይ የደረሰ ሰው አቦሉን የት አደረገው?

ደግሞ ሌላ የሚያስቆጭ ነገር አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. የብራዚል ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ያህል የሆነ የአራቢካ ቡና ማግኘታቸውን አስታወቁ። ዘሩ ከየት መጣ? በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ዘር። የባለቤትነቱም ጉዳይ በጊዜው አገራችንን አስቆጥቷል፤ ይገባልም። ዓለም ማታ የሚጠጣው ቡና ፍለጋ የእኛን ጫካ ዘር ሲመረምር፣ የዘሩ አገር ሰዎች ግን ካፌይን የሚባለው ነገር እኛን አይመለከትም ብለን ተቀምጠናል።

ታዲያ ወተትና ማሩስ? ትኩስ ወተትን የምጠላበት ነገር የለም፤ ሆድ ያሞቃል፣ ማታ ማታ አንድ ወጥ ልማድ መያዝም መልካም ነው። ነገር ግን በአንድ ብርጭቆ ወተት ውስጥ ያለው ትሪፕቶፋን ሰው የሚያስተኛ መጠን አይደለም፤ ሙዝም እንዲሁ። ሦስት ሲኒ ካፌይን ላይ ወተት ደርቦ መተኛት ቧንቧውን ከፍቶ ወለል መጥረግ ነው። የባሰው «አንድ ሁለት ቢራ ያስተኛል» የሚለው ነው። አልኮል ቶሎ ይጥላል፤ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይበጣጥሰዋል፣ ሕልም የምናይበትንም እንቅልፍ ይቀንሳል። ጫት ቅሞ የመረቀነ ሰው በጨብሲ፣ በመጠጥ ማለት ነው፣ ለመውረድ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ አንዱን በሌላው ማረም፣ ነገ ጠዋት ደግሞ በቡና መጀመር። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ለሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ ይሰጥ ያለው ሕክምና ምግብም ክኒንም አይደለም፤ ልማድንና አስተሳሰብን የሚያርም ሕክምና ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት፣ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ ማዋል፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል ከመገላበጥ ተነስቶ ቆይቶ መመለስ። ገበያ ላይ የሚሸጥ ነገር ስለሌለበት ይሆናል ብዙ የማይወራለት።

የቀረው ከባዱ ነው፤ ማኅበራዊው ነገር። ቡና ጎረቤትን እንደሚያስተሳስር አልክድም። ግን የሚያስተሳስረው ካፌይኑ ነው ወይስ መቀመጡ? ዕጣኑ፣ ቄጤማው፣ ፈንዲሻው፣ የሰፈሩ ወሬ፣ ምርቃቱ፣ አንዳቸውም ደም ውስጥ ገብተው እስከ ሌሊት 7 ሰዓት አይቆዩም። ቅዳሜና እሑድ ጀበናው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቢጣድ ማን ይጎዳል? በሥራ ቀን ማታ ብቻ የሚገናኝ ቤተሰብ ገብስ ቆልቶ ቢያፈላ ወይም በጤና አዳምና በዝንጅብል የፈላ ውኃ ከበው ቢቀመጡ ፍቅራቸው ይቀንሳል? ሻይ ቅጠል ግን መሸሻ እንዳይሆን፤ ከቡና ቢያንስም ካፌይን አለበት።

ማኅበራዊ ሕይወት ከተባለ አይቀር፣ ጀበናው ጎን ስለተቀመጠችውም እንነጋገር። «አይነካኝም» የሚለው ሰው በረካውን ጠጥቶ፣ መርቆ ወደ አልጋው ይሄዳል። የቆላችው፣ የወቀጠችው፣ ሦስቴ የጣደችው ሴት፣ እናትም ትሁን ልጅ ወይም በደመወዝ የምትሠራ ገጠሬ ልጅ፣ ሲኒ አጥባ፣ ፍም አጥፍታ፣ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የልጆቹን ምሳ ዕቃ ልታዘጋጅ ከሁሉ በፊት ትነሳለች። ከምሽት ጀበና የሚመጣው እንቅልፍ ማጣት በቤቱ ውስጥ እኩል አይከፋፈልም። እሷን ግን «ነክቶሻል ወይ?» ብሎ የጠየቃት የለም።

ስለዚህ አቋሜ «በልክ ጠጡ» የሚል ለስላሳ ምክር አይደለም። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና የፈላበት ቤት የእንግዶቹን እንቅልፍ ወስዷል፤ እንቢ ማለት እንደሚያሳፍራቸው እያወቀ። ማረም ያለበት አስተናጋጁ ነው፤ እንግዳ ሲኒ መመለስ አይችልምና። በግሉ «እኔን አይነካኝም» የሚል ካለ ደግሞ ማስረጃውን ያምጣ፦ የጠዋቱን ቡና ሳይተው፣ የማታውን በጥቂት በጥቂት ቀንሶ ያቁም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱን ያመው ይሆናል። ሐራራው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 9 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚለቅ ሁለት ሳምንት ይታገሥ፤ ከዚያም ጠዋት ሲነሳ ያለውን ሁኔታ ከበፊቱ ጋር ያነጻጽር። ያን አድርጎ ልዩነት ካላየ፣ እሱ ከእነዚያ ዕድለኛ ጉበቶች አንዱ ነው፤ ይጠጣ። ያላደረገ ሰው ግን ስለ ቡናና እንቅልፍ የሚያውቀው የለም፤ የሚናገርለት ሐራራው ነው።